ዝናብ ከመታው በኋላ ለሚቆራርጥ ስኩተር፦ ካርቡራተር ከመግዛትሽ በፊት

እህቴ፣ የጠየቅሽው «ማክሰኞ ማታ እዚህ ሐዋሳ ከሐይቅ ዳር ወደ አቶቴ ስመለስ ዝናብ ደበደበኝ፤ በማግስቱ ስኩተሬ በሞተሪኖ ይነሳል፣ ቤንዚን ስሰጠው ግን ይቆራርጣል፣ ይታፈናል። ጋራዥ ካርቡራተር ይቀየር አሉኝ፤ ልግዛ?» የሚል ነው። አትግዢ። ካርቡራተር ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ዕቃ ነው፤ እስከ ማክሰኞ ደህና ሲሠራ ከነበረ በአንድ ማታ ዝናብ አይሞትም። ብርሽን ያዢና መጀመሪያ በራስሽ እጅ የሚታየውን እዪ። የካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው እሳት የሚዘልበት ዕቃ) ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ደረቅ ጨርቅና ንጹህ የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃሻል።

ካርቡራተር ካሉሽ ባለ ኢንጀክሽን አይደለም ማለት ነው። ስለዚህ ያንቺ 125 ወይም 150 ሲሲ፣ ባለ ቺንጋው ነው ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

1. የካንዴላው ኮፍያ። ከዝናብ በኋላ ለሚቆራርጥ ሞተር ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው እሱን ነው። ኮፍያው በላይና በታች ውሃ የሚከለክል ጎማ አለው፤ ጎማው በሞተሩ ሙቀት ዓመታት ሲጠበስ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ውሃ ሲገባ እሳቱ ካንዴላው ጫፍ ላይ መዝለሉን ትቶ በእርጥበቱ በኩል ወደ ሞተሩ ብረት ያመልጣል። ቆሞ ሲሠራ ደህና መስሎ ቤንዚን ስትሰጪው የሚታፈነውም ለዚህ ነው፦ ቤንዚን ሲጨምር ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ እሳቱ እዚያ ውስጥ መዝለል ይከብደዋል፣ የቀለለውን መንገድ ይይዛል።

ሞተሩ ሲበርድ ኮፍያውን ንቀዪ፤ ገመዱን ይዘሽ ሳይሆን ኮፍያውን ራሱን ግራ ቀኝ እያወዛወዝሽ። ከዚያ ከገመዱ ላይ ወደ ግራ አዙረሽ ፍቺው፣ ተጠምዝዞ የገባ ነው። የመዳቡ ጫፍ አረንጓዴ ሆኖ ካገኘሽው 5 ሚሊሜትር ያህል ቆርጠሽ ጣዪና ኮፍያውን መልሰሽ ጠምዝዢው። መልቲሜትር ያለው ሰው ካለ ኮፍያውን ይለካልሽ፤ ብዙዎቹ 5 ኪሎ ኦም አካባቢ ናቸው፣ ጭራሽ ካላነበበ የሚቀየረው ኮፍያው ብቻ ነው። ጎማዎቹ ውስጥ ትንሽ የሲሊኮን ግራሶ ቀቢ። ተራውን የመኪና ግራሶ አትጠቀሚ፣ ጎማውን ያሳብጠዋል። ካንዴላውንም አውጥተሽ አድርቂ፤ ክፍተቱ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊሜትር ይሁን።

እርግጠኛ ለመሆን ማታ ጨለማ ቦታ ሞተሩን አስነሺና በልብስ መተኮሻ መርጫ ኮፍያውና ገመዱ ላይ ስስ ውሃ ንፊበት። ሰማያዊ ብልጭታ ከታየሽ ወይም «ጣ ጣ» የሚል ድምፅ ከሰማሽ ሌባውን አገኘሽው። በእጅሽ ግን እንዳትነኪው፣ ክፉኛ ይመታል። ይህን ሳታዪ ቦቢና ወይም ሲዲአይ (ለካንዴላው እሳት የሚልኩትን ዕቃዎች) የሚያስገዛሽን ሰው እሺ አትበዪ፤ በግምት የተገዛ የኤሌክትሪክ ዕቃ ካልሠራልሽ ሱቁ መልሶ አይቀበልሽም።

2. የአየር ፊልትሮው። የራሰ ፊልትሮ አየር ያፍናል፣ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ መጀመሪያውኑም ስስ ነው፤ ስለዚህ እዚህ የራሰ ፊልትሮ ቶሎ ያስታውቃል። የስፖንጅ ከሆነ በሳሙና እጠቢው፣ ሳትጠመዝዢ ጨምቀሽ ጥላ ላይ አድርቂው፣ ጥቂት የሞተር ዘይት አስነክተሽ መልሺው። የወረቀት ከሆነ ቀይሪው። ከፊልትሮው ቤት ሥር በክዳን የተዘጋ አጭር ቱቦ አለ፣ እሱን ክፍተሽ አፍስሺ፤ ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅም።

3. ቤንዚኑ። ካርቡራተሩ ሥር ትንሽ ብሎን አለች። ሞተሩ በርዶ፣ እሳት በሌለበት ቦታ፣ ሃይላንዱን ከቱቦዋ ሥር ይዘሽ ፍቺያት፤ የወረደውንም አምስት ደቂቃ አስቀምጪው። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ኳስ ኳስ እየሠራ ይቀመጣል። ካየሽው ውሃው ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ውስጥም ሊኖር ይችላል። በክዳኑ ያረጀ ጎሚኒ በኩል ገብቶ ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ከገዛሽው ቤንዚን። የማደያ ሰልፍ ሲረዝም ሁላችንም እዚያ እንደምንሄድ አውቃለሁ፣ ግን በምን እንደተቀዳና ምን እንደተቀላቀለበት የሚነግርሽ የለም፤ ከገዛሽም ጠርሙሱን ብርሃን ላይ አንሥተሽ ታቹን ሳታዪ አታስቀጂ። በብዙዎቹ ስኩተሮች የቤንዚኑ መክፈቻ የሚከፈተው ሞተሩ ሲሠራ አየር ስቦ ስለሆነ ቱቦ ብትነቅዪም አይፈስልሽም። በሰልባትዮው አፍ ቱቦ እስከ ታች አስገብተሽ በእጅ ፓምፕ ሳቢው፤ በአፍሽ በፍጹም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ዝናብ የመታው ሞተር ሲመጣ ኮፍያ ሳይነቅሉ፣ ፊልትሮ ሳይከፍቱ፣ በቀጥታ የካርቡራተሩን የቅልቅል ብሎን በካቻቢቴ የሚያዞሩ አሉ። ፊልትሮው ርሶ ቤንዚኑ በዝቷል፣ እነሱ ቤንዚኑን ይቀንሱታል፣ ሞተሩ ለዚያች ሰዓት ይስተካከላል፣ ገንዘብ ይቀበላሉ። ፊልትሮው ሲደርቅ አየሩ ይመለሳል፣ ቤንዚኑ ግን እንደተቀነሰ ነው፤ ጠዋት እምቢ ይላል፣ ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳትሰጪው ቆሞ ሲሠራ) ይጠፋል፣ የቤንዚን እጀታውን ስትለቂው በማርሚታ (በጭስ መውጫው) ይተኩሳል። ባለቤቱ ተመልሶ ሲሄድ «ካርቡራተሩ አልቋል» ይሉታል። በጤነኛ ካርቡራተር ላይ ሲፈረድ እንዲህ ነው፣ ያንቺም እዚህ የደረሰ ይመስለኛል። ስለዚህ ብሎኑ ተነክቶ እንደሆነ ለማወቅ ቀስ ብለሽ እስከ መጨረሻው እየቆጠርሽ ዝጊው፣ ሳታጠብቂ አቁሚ፣ ስንት ዙር እንደነበረ ጻፊና በቁጥሩ መልሺው። ብዙ ጊዜ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ተኩል ዙር መካከል ነው። ከዚያ ክልል በጣም ከወጣ ሰው ነክቶታል፤ ሁለት ዙር ላይ አድርጊውና ሁሉም ነገር ከደረቀ በኋላ፣ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ይስተካከል።

ሞተሩ ሳይቆራረጥ እየጮኸ ስኩተሩ የማይሄድ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ቺንጋው ቤት ውሃ ገብቶ ቺንጋው ይንሸራተታል። የግራውን ክዳን አስፈቺና በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፤ ዘይትነት ያለው ነገር እንዳይነፉበት።

ውሃው ከታቦር ተራራ በኩል ሲወርድ ጎማሽን ግማሽ ድረስ ውጦት ከነበረ፣ ከማስነሳትሽ በፊት የዘይቱን መለኪያ አውጥተሽ እዪ። ዘይቱ ሻይ በወተት ከመሰለ ሳታስነሺ ይፍሰስ። ደህና ከሆነ ከኮፍያው ጀምሪና የካንዴላውን ጫፍ ፎቶ አንሥተሽ እዚሁ ላኪልን፤ ቀለሙን አይቼ ቀጣዩን እነግርሻለሁ።