ማይክሮፕላስቲክን ከባሕር ውሃ መለየት፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር፣ የውሃ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ከ5 ሚሊ ሜትር ስላነሰ የፕላስቲክ ስባሪ ጠይቁኝ። ዘዴዎቹ በብዛት ለባሕር የተሠሩ ናቸው፤ ለጣናም ይሆናሉ።

ከደብረ ማርቆስ፦ መምህር፣ ባሕር ላይ ናሙና እንዴት ይወሰዳል?

መልስ፦ ጀልባ ማንታ የሚባል ተንሳፋፊ መረብ እየጎተተ የላይኛውን ውሃ ያጠልላል። ቀዳዳው ብዙ ጊዜ 330 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ቀጫጭን ክሮች ያመልጡታል። እነሱን የፈለገ ውሃውን በፓምፕ ስቦ በጠበበ ማጣሪያ ያሳልፍ። ብላንክ፣ ማለትም ናሙና የሌለበት ባዶ ማነጻጸሪያ፣ አትርሱ።

ከፍኖተ ሰላም፦ በማይክሮስኮፕ አይቶ መቁጠር አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም! የጥጥ ክርና የፕላስቲክ ክር ለዓይን ይመሳሰላሉ። በብርሃን የሚመረምሩ ሁለት መሣሪያዎች አሉ፦ ኤፍቲአይአር እስከ 20 ማይክሮን ገደማ፣ ራማን እስከ 1 ማይክሮን ድረስ የፕላስቲኩን ዓይነት ይለያሉ። ከሁሉም በፊት ግን ብላንክ። የተጣራ ንጹሕ ውሃ ልክ እንደ ናሙናው በየደረጃው ታሳልፋላችሁ። አንድ ተማሪ ማጣሪያው ላይ ሰማያዊ ክር አግኝቶ ደስ ብሎት መጣ። ብላንኩን አየነው፤ ያው ሰማያዊ ክር። ሹራቡ አክሪሊክ፣ የፕላስቲክ ክር፣ ነበር። የጥጥ ጋውን ልበሱ፣ መስኮት ዝጉ፣ ዕቃው መስታወት ይሁን፣ በፎይል ክደኑት። ብላንክ የሌለው ቁጥር አታሳዩኝ።

ከዳንግላ፦ የገበታ ጨው ፕላስቲኩን ያንሳፍፈዋል?

መልስ፦ ፌስታሉን አዎ። የሃይላንዱን ጠርሙስ አይችልም። የጠገበ የጨው ውሃ ጥግግት 1.2 ነው፤ ጠርሙሱ 1.38 ገደማ። ለእሱ ዚንክ ክሎራይድ ያስፈልጋል። ያቃጥላል፣ ጓንትና መነጽር አድርጉ። ወደ ቦይ እንዳትደፉት።

ከቡሬ፦ ውሃችን ንጹሕ ነው ወይ?

መልስ፦ የቱ ውሃ? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።

ከሞጣ፦ ለማንኛውም የእኛ ሃይላንድ ሁሉ በዓባይ ሜዲትራኒያን ይገባል።

ከዳንግላ፦ ኧረ ተው! ሕዳሴ አለ፣ አስዋን አለ። እዚያው ይቀራል።

ከሞጣ፦ ተንሳፋፊውን ማን ያስቀረዋል?

ከቡሬ፦ እናንተ ፕላስቲክ ትላላችሁ፣ ጣናን እምቦጭ እየበላው ነው።

መልስ፦ ወገኖቼ፣ ስለ ዘዴው እናውራ። ከግድብ በላይና በታች ናሙና ይወሰድ፣ ከነብላንኩ፤ ያኔ ይታወቃል። እምቦጭ ካለ መረቡ ይደፈናል፣ ያለፈው ውሃ ይቀንሳል። መረቡ አፍ ላይ የፍሰት መለኪያ እሰሩ።

ከደጀን፦ በማይክሮስኮፕ ብቻ ብቆጥርስ?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። አንብብ እንጂ ወንድሜ።

ከእንጅባራ፦ ብጠጣው ይጎዳኛል?

መልስ፦ የጤና ባለሙያ ጠይቂ።

ከባሕር ዳር፦ የቆሮሶ አንጀት ውስጥ ያለውን እንዴት ላውጣ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። 10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ሥጋውን ያሟሟል፣ አብዛኛውን ፕላስቲክ አይነካም። ናይትሪክ አሲድ ግን ናይለኑን ይበላዋል፣ ተዪው። ሙቀቱን ከ60 ዲግሪ አታሳልፊ። አሳ በሌለበት ብልቃጥም ያንኑ ፈሳሽ አስቀምጪ፤ ብላንክሽ እሱ ነው።