ጌማችሁን ኦፕን ሶርስ ከማድረጋችሁ በፊት

ጌም መሥራት የጀመራችሁ ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ። «ኮዱን ኦፕን ሶርስ አድርገነው (ማንም እንዲያየውና እንዲያሻሽለው ክፍት አድርገነው) ሰው ቢያግዘን አይሻልም?» ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ነው ሐሳባችሁ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በሶፍትዌር ሥራ ነው፤ ኦፕን ሶርስ እንጀራዬ ነው። ግን ለጌም ሲሆን እንደ ክፍሉ ይለያያል።

ለጌም ኢንጂኑ፣ ማለትም ጌሙ ለሚሠራበት ሶፍትዌር፣ ዓይናችሁን ሳታሹ እሺ በሉ። ጎዶትን ውሰዱ። በ2014 ኮዱ ክፍት ሆነ (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። ጌማችሁን ሸጣችሁ ብትከብሩም አምስት ሳንቲም አይጠይቃችሁም። በ2023 ዩኒቲ የተባለው ሌላው ኢንጂን ጌም በተጫነ ቁጥር ላስከፍል ብሎ ሲነሳ፣ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ጎዶት የገባው ብዙ ነው። በኋላ ዩኒቲ ሐሳቡን ተወው፤ የሄደው ግን ሄደ። ኢንጂን ላይ ሰው የሚለፋው ለራሱም ነው። ያስቸገረውን ስህተት ሲያስተካክል የሁላችንም ይስተካከላል።

ጌሙ ራሱ ግን ሌላ ነገር ነው። የዝላይ ጌም እየሠራችሁ ነው እንበል። አንድ የማታውቁት ልጅ ዝላዩ በዝቶበት ትንሽ ዝቅ ያደርግና ይልክላችኋል። ኮዱ ንጹሕ ነው፣ ይሠራል። ሦስተኛው ሌቭል ላይ ያለው ገደል ግን ከዚያ በኋላ አይታለፍም። ያንን ገደል ስታጠቡት ደግሞ ቀጥሎ ያለው ይቀላል። እንዲህ እያለ ሁሉንም እንደገና መለካት ይመጣል። «ዝላዩ ደስ ይላል ወይ?» የሚለውንም ኮምፒውተር አይመልስላችሁም፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ተጫውቶ መወሰን አለበት። ታሪክ ያለው ጌምማ ጭራሽ! መጨረሻውን ፋይሉ ውስጥ ያነበበ ሰው ምን ብሎ ይጫወተዋል?

የተሳካላቸው የሉም ማለቴ አይደለም። ባትል ፎር ዌስኖዝ ከ2003 ጀምሮ አለ። እሱ ግን ተራ በተራ የሚጫወቱት የስትራቴጂ ጌም ነው፤ ሰው የሌላውን ሳይነካ የራሱን ዘመቻ ሠርቶ ይጨምርበታል። ዜሮ ኤ.ዲ. በ2009 ኮዱን ከፈተ፣ ከዚያ በኋላ ለዓመታት «አልፋ» (ገና ያላለቀ) እየተባለ ወጣ። ቆንጆ ጌም ነው። ግን እንጀራው ሌላ ቦታ ያለ ሰዓሊ የሚሥለው ጊዜ ሲተርፈው ነው።

እኔን ብትሰሙኝ ዱም የተባለውን የተኩስ ጌም የሠሩትን ሰዎች መንገድ ያዙ። ኢድ ሶፍትዌር ጌሙን በ1993 አወጣ፣ ሸጠ። ኮዱን የለቀቀው በ1997 ነው። ሥዕሉን፣ ድምፁንና ሌቭሎቹን አልለቀቀም። ሰው ዱምን ባገኘው ማሽን ሁሉ ላይ የሚያስኬደው ያ ኮድ ስለወጣ ነው።

እናንተም በጎዶት ጀምሩ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ትንሽ ጌም ጨርሱ፣ አውጡት፣ ከዚያ ኮዱን ክፈቱ። የሥዕሉና የሙዚቃው ላይሰንስ (የመጠቀሚያ ፈቃድ) ግን ከኮዱ ለብቻው ነው። ክራር የደረደረላችሁ ጓደኛ ካለ ጌሙ ሳይወጣ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ፤ ጓደኛሞች ነን ብላችሁ አትለፉት።