ቀን ኤሌክትሪሺያን፣ ማታ የፊዚክስ ተማሪ

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ቀን ሕንፃ ላይ የኤሌክትሪክ መስመር ስትዘረጋ ትውላለህ፣ ማታ ፊዚክስ ትማራለህ። «ገመድ ሲጎትት የሚውል ሰው ተመራማሪ አይሆንም፤ ትምህርቱን ልተወው ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል።

እንዳትተወው። ለምን እንደምልህ በአንድ ሰው ላሳይህ።

ጆሴፍ ሮትብላት እ.ኤ.አ. በ1908 ዋርሶ ተወለደ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ቤተሰቡን አደኸየው። እሱም ኤሌክትሪሺያን ሆኖ እየሠራ ማታ ማታ ፊዚክስ ተማረ። በ1938 ከዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያዘ።

ይሠራበት የነበረው ላብራቶሪ ድሃ ነበር። ያላቸው ራዲየም (ጨረር የሚያመነጭ ብረት) 30 ሚሊግራም ብቻ፣ እሱም በፈሳሽ የሟሟ። በየሳምንቱ ከዚያ የሚጠራቀመውን የራዶን ጋዝ ስበው የቤሪሊየም ዱቄት ወዳለበት ቱቦ ያስገቡታል። ኒውትሮን፣ ማለትም በአቶም እምብርት ውስጥ ያለችውን ቅንጣት፣ የሚያገኙት ከዚያች ቱቦ ነው። ሮትብላት በዚህችው ዕቃ በ1939 መጀመሪያ ላይ ዩራኒየም ሲሰነጠቅ ኒውትሮን እንደሚወጣ በሙከራ አየ። አንተ የጠፋ መስመር በቴስተር ስትፈልግ ምን ታደርጋለህ? ትገምታለህ፣ ትለካለህ፣ ያልሆነውን ትተህ ወደሚቀጥለው ትሄዳለህ። የሙከራ ፊዚክስ ይኸው ነው። ብዙ ባለ ከፍተኛ ውጤት ተማሪ ይህ እጅ የለውም።

በዚያው ዓመት እንግሊዝ፣ ሊቨርፑል፣ ኒውትሮንን ያገኘው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ቻድዊክ ዘንድ ሄደ። የታመመች ባለቤቱ ቶላ ዋርሶ ቀረች፣ ጦርነቱ ተነሣ፣ ዳግም አልተያዩም። ይህን ሳስበው ልቤ ይሰበራል። በ1944 የአቶም ቦምብ ይሠራበት ወደነበረው አሜሪካ ሎስ አላሞስ ገባ። ጀርመን ቦምቡን እየሠራች እንዳልሆነ ሲያውቅ ግን በዓመቱ መጨረሻ ጥሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ፊዚክሱን ለሕክምና አዋለው፤ ለንደን በሚገኘው በቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ፕሮፌሰር ሆነ። የኑክሌር መሣሪያን በመቃወም ለደከመው ድካም በ1995 ከፐግዋሽ ጉባኤ (የኑክሌር መሣሪያን ከሚቃወመው የሳይንቲስቶች ጉባኤ) ጋር የሰላም ኖቤልን ተቀበለ።

«ፊዚክስ ተምሬ ምን ልበላ?» ላልከው፣ ሜዲካል ፊዚክስን፣ ማለትም ፊዚክስን ለሕክምና የሚያውለውን ሙያ፣ ተመልከት። የካንሰር የጨረር ሕክምና ባለበት ሁሉ የጨረሩን መጠን የሚለካና ማሽኑን የሚፈትሽ ሰው ያስፈልጋል።

ለጊዜው ሥራህንም ትምህርትህንም ያዝ። የላብራቶሪ መምህርህን አነጋግርና የተበላሸ ኦሲሎስኮፕ ወይም ፓወር ሰፕላይ ካለ ልሞክረው በለው። ሲቪህ ላይ የኤሌክትሪክ ሥራህን አትደብቅ፤ የት፣ ምን ዓይነት ሥራ፣ ስንት ዓመት ብለህ ከላይ ጻፈው። ረቂቁን ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።