አንድ ባለ 32 ጊጋባይት ራም ወይስ ሁለት ባለ 16?

ጥያቄ፦ ጌም የምጫወትበትን ኮምፒውተር በራሴ እጅ በመገጣጠም ላይ ነኝ። የራይዘን 7000 ፕሮሰሰርና አራት የራም መሰኪያ ያለው ማዘርቦርድ ገዝቻለሁ። ወደፊት ሌላ ለመጨመር እንዲመቸኝ አንድ ባለ 32 ጊጋባይት ራም ልገዛ አስቤ ነበር፤ ጓደኛዬ ግን ሁለት ባለ 16 ይሻልሃል ይለኛል። «6000» የሚል የተጻፈባቸው ራሞችስ በዋጋ የሚለያዩት ለምንድን ነው? የወንድሜ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ያለው ዲዲአር4 ራም ሊያገለግለኝ ይችላል?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምርና፣ የወንድምዎ ራም አይሆንም። ራይዘን 7000 የሚቀመጥበት ኤኤም5 ሶኬት የሚሠራው በዲዲአር5 ብቻ ነው። ሁለቱም ዓይነቶች 288 እግር ስላላቸው ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ፤ ሆኖም በእግሮቹ መካከል ያለችው ክፍተት ቦታዋ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው መሰኪያ አይገባም። አልገባ ያለውን በጉልበት መጫን መሰኪያውን ይሰብራል።

አንድ ወይስ ሁለት ለሚለው፣ ጓደኛዎ ትክክል ነው። ፕሮሰሰሩ ከራም ጋር የሚገናኘው በሁለት ቻናል (መረጃ በሚተላለፍበት መስመር) ሲሆን፣ አንድ ራም ብቻ ሲሰካ አንደኛው ቻናል ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። በ6000 ፍጥነት (በሴኮንድ 6000 ሚሊዮን ጊዜ ማስተላለፍ ማለት ነው) አንድ ራም በሴኮንድ ቢበዛ 48 ጊጋባይት ሲያስተላልፍ ሁለቱ አብረው 96 ያስተላልፋሉ። ይህ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው ፕሮሰሰሩን በሚያስጨንቁ ሰፋፊ ጌሞች ላይ ነው፤ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ በሌለው ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ምክንያቱም ምስሉን የሚሠራው ክፍል የሚጠቀመው ይህንኑ ራም ነው።

«በኋላ እጨምራለሁ» የሚለውን ሐሳብዎን ግን በጥብቅ እንዲያጤኑት እፈልጋለሁ። በተለያየ ጊዜ የተገዙ ራሞች ስማቸውና ቁጥራቸው አንድ ቢሆንም እንኳ በውስጣቸው ያለው ቺፕ ሊለያይ ስለሚችል፣ አብረው በሙሉ ፍጥነት ለመሥራታቸው ዋስትና የለም። አራቱንም መሰኪያ መሙላት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፦ የራይዘን አምራች የሆነው ኤኤምዲ ራሱ ለራይዘን 7000 ባወጣው መግለጫ መሠረት ሁለት ራም ሲሰካ ድጋፉ እስከ 5200 ሲሆን፣ አራት ሲሰካ ግን ወደ 3600 ይወርዳል። ስለዚህ የሚያስፈልግዎን መጠን ዛሬውኑ ወስነው በአንድ ማሸጊያ ጥንድ ሆኖ የሚሸጠውን ይግዙ። ለጌም 32 ጊጋባይት በቂ ነው፤ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ከሆነ ሁለት ባለ 32 ይውሰዱ።

ዋጋውን የሚለያየው አብዛኛውን ጊዜ «ሲኤል» ከሚለው ፊደል ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። ይህን ቁጥር በ2000 አባዝተው ለፍጥነቱ ቢያካፍሉት፣ ራሙ የተጠየቀውን መረጃ መስጠት እስኪጀምር የሚወስደውን ጊዜ በናኖሴኮንድ ያገኛሉ። 6000 ሲኤል 30 የሆነው 10 ናኖሴኮንድ ሲወስድበት፣ ሲኤል 40 የሆነው ከ13 በላይ ይወስድበታል። የሚገርመው፣ 3200 ሲኤል 16 የሆነ ዲዲአር4ም 10 ናኖሴኮንድ ነው። እኔ ሲኤል 30ን እመርጣለሁ፤ ነገር ግን የዋጋው ልዩነት ከበዛ ሲኤል 36 ገዝተው የተረፈውን ገንዘብ ግራፊክስ ካርድ ላይ ቢያውሉት ይበልጥ ይጠቅምዎታል።

ሲገጣጥሙ ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር ሁለተኛውንና አራተኛውን መሰኪያ ይጠቀሙ፤ መያዣው ቀጭ ብሎ እስኪዘጋ ድረስም ይጫኑ። ከዚያ ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብተው ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያሠራውን «ኤክስፖ» የሚለውን ምርጫ ያብሩ። ይህን ካላደረጉ 6000 ብለው የገዙት ራም በ4800 ይሠራል፤ ብዙ ሰው ለከፈለበት ፍጥነት ሳይደርስ ዓመታት የሚያሳልፈው በዚህች አንዲት ምርጫ ምክንያት በመሆኑ አደራ እላለሁ። ኮምፒውተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ራሙን ስለሚፈትሽና ስለሚያስተካክል ስክሪኑ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ጨለማ ሊሆን ይችላል፤ ተበላሸ ብለው ኤሌክትሪኩን አይንቀሉ። አንዳንድ ፕሮግራሞች 3000 ብለው ቢያሳዩዎትም አይደንግጡ፤ ዲዲአር በአንድ ዑደት ሁለት ጊዜ ስለሚያስተላልፍ ያው 6000 ማለት ነው።

ጌሞችዎን ከመጫንዎ በፊት ሜምቴስት86 በተባለው መፈተሻ አንድ ሌሊት ያሳድሩት። አንድ ስህተት እንኳ ካሳየ ፍጥነቱን ወደ 5600 ዝቅ አድርገው ይድገሙት፤ በ4800ም ስህተቱ ካልጠፋ ግን ጥንዱን ለሸጠልዎ ሰው መልሰው ያስቀይሩ።