ወድቆ የተነሳ ሞተር፦ ኪኩን ከመርገጥህ በፊት

ጥያቄው ከደሴ ነው። ቦክሰር 150 ሞተር ሳይክል ዳገት ላይ እንደቆመ መቆሚያው አፈር ውስጥ ሰምጦ በግራ ጎኑ ወደቀ። ባለቤቱ መጥቶ እስኪያነሳው ድረስ ቤንዚኑ እንደተከፈተ ተጋድሞ ቆየ። አሁን ኪኩ ግማሽ ይወርድና ድርቅ ይላል፤ መሪው ቀጥ ሲል ጎማው ወደ ግራ ያያል። የማርሽ ፔዳሉም ካለፈው ውድቀት ጀምሮ የተበየደ ነው። «ነገ ኮምቦልቻ መውረድ አለብኝ» ይላል።

አብሽር ወንድሜ፣ ሞተሩ የተበላሸ አይመስለኝም። ኪክ ግማሽ ወርዶ ድርቅ ካለ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሲሊንደሩ ውስጥ የገባ ፈሳሽ ነው። ሞተር ሲጋደም ካርቦራተሩ ቤንዚኑን መዝጋት ያቅተዋል፤ ዘይቱም በመተንፈሻው በኩል ወደ ዲፕራተሩ (የአየር ማጣሪያው) ይሄዳል። ኪኩን በጉልበት አትርገጥ፣ ሞተሪኖውንም (የባትሪ ማስነሻውን) አትንካ፤ ቢዬላው፣ ማለትም ፒስተኑን የሚገፋው ክንድ፣ ይጣመማል።

ቤንዚኑን ዝጋ፣ ቁልፉን አጥፋ፣ ካንዴላውን ፍታ። ማርሹን ዜሮ አድርገህ ኪኩን በእጅህ ቀስ እያልክ ደጋግመህ አውርደው። ከካንዴላው ቀዳዳ ቤንዚን ስለሚተፋ ጨርቅ ጣልበት፣ ፊትህን አርቅ፣ በአካባቢው ሲጋራ አይኑር። ዲፕራተሩን ክፈት፤ ስፖንጁ በዘይት ከራሰ እጠበው ወይም ቀይረው። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተህ አሽትት። ቤንዚን ቤንዚን ካለ ወይም መጠኑ ከፍ ካለ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ቀይር። 20ደብሊው50 ሆኖ የሞተር ሳይክል ይሁን፤ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ሊያንሸራትተው ይችላል።

ወደ መሪው ልምጣ። ብዙ ሰው «ሾኩ (የፊት ጎማውን የያዘው ቱቦ) ተጣሟል» ብሎ በቱቦና በመዶሻ ሊያቀናው ይሞክራል፤ ደህናውን ሾክ የሚገድለው ይሄ ነው። ሁለቱ የሾክ ቱቦዎች ከላይና ከታች በሁለት መያዣ ታቅፈው የቆሙ ናቸው። መያዣው ውስጥ ቱቦውን የሚይዘው የቡሎኑ ጥብቀት ብቻ ነው፤ ጥርስ የለው፣ መቆለፊያ የለው። መሪው መሬት ሲመታ ቱቦዎቹ መያዣቸው ውስጥ ትንሽ ይዞራሉ፤ አንዱ ወደፊት፣ አንዱ ወደኋላ ይሄዳል። እግሩ የላላ አልጋ ሲገፉት እንደሚዛነፍ ማለት ነው፤ እንጨቱ አልተሰበረም። ስለዚህ መድኃኒቱ ማላላት እንጂ መምታት አይደለም። የጎማውን ዳዶ፣ የጭቃ መከላከያውን ቡሎኖች፣ የላይኛውንና የታችኛውን መያዣ ቡሎኖች ግማሽ ዙር ያህል አላላ፤ ከዚያ በላይ ከላላ ሞተሩ በቱቦው ላይ ይንሸራተታል። ጎማውን በጉልበቶችህ መሃል ጥርቅ አድርገህ ይዘህ መሪውን ጎማው ወደሚያይበት፣ ወደ ግራ ሳብ። ሲስተካከል የታችኛውን፣ ቀጥሎ የላይኛውን አጥብቅ። ሾኩን ሦስት አራት ጊዜ ጨቁንና የጎማውን ዳዶ በመጨረሻ እሰር። ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ከተዛነፈ ያን ጊዜ ቱቦው ጠሟል፤ ፈትተህ መስታወት ላይ አንከባለው፣ ከዘለለ ይጣል።

እዚህ ላይ አደራ የምለው ነገር አለ። የፊት ፍሬንህ ታምቡሮ ከሆነ የፍሬኑ ሳህን ላይ ያለው ክፍተት በሾኩ ጉጥ ላይ መግባቱን በዓይንህ ሳታይ ዳዶውን አትሰር። ካልገባ ፍሬን ስትይዝ ሳህኑ አብሮ ይዞርና ጎማው ይቆለፋል። ዲስክ ከሆነ ደግሞ እጀታውን ደጋግመህ ጫን፤ ስፖንጅ ስፖንጅ ካለ አየር ገብቶበታል።

ፔዳሉን የበየደልህ ሰው ውለታ አልዋለልህም። የርካሽ ፔዳል ጥርስ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይበላል፤ ከዘንጉ ጋር ሲበየድ ደግሞ የውድቀቱ ኃይል በቀጥታ ወደ ዘንጉ ይሄዳል። ከፔዳሉ ጀርባ ካርተሩን በጨርቅ ጠርገህ አንድ ቀን ተወው፤ ዘይት ካረጠበው ፓራኦሊዮው (ዘይት የሚያግደው ጎማ) ተጎድቷል። ፔዳሉን ዘንጉ ላይ እያለ በብረት ፈልቅቄ ላውጣው እንዳትል።

የፍሪሲዮን እጀታው ከተጣመመ አታቅናው፣ አሉሚኒየም ነው፣ ዳገት ላይ እጅህ ላይ ይሰበራል፤ አዲስ ግዛ። አዲሱን ስታስር በጣም አታጥብቀው፤ ሌላ ጊዜ ቢወድቅ ይዙር እንጂ አይሰበር። ስሩ ላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ልቅነት ተውለት። ባትሪህ ውሃ የሚሞላ ዓይነት ከሆነ አሲድ አፍስሶ ሊሆን ይችላል፤ በውሃ አጥበው፣ ልብስህን ጠብቅ።

ሲነሳ ነጭ ጭስ ያወጣል፤ ማርሚታው ውስጥ የገባው ዘይት ተቃጥሎ እስኪያልቅ ነው። መሪውን ከዳር እስከ ዳር እያዞርክ ጋዝ ስጥ፤ ሚኒሞው (ጋዝ ሳትሰጥ የሚዞርበት ፍጥነት) ከጨመረ ወይም ጋዙ ሲለቀቅ ፈጥኖ ካልተመለሰ ካቦው ተይዟል።

ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው የሐረጎ መንገድ ቁልቁል ነው፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። የፊት ፍሬኑን ሜዳ ላይ ሳትሞክር እንዳትወርደው። መጀመሪያ ወደ ቦሩ ሜዳ ውጣና በዝግታ እየነዳህ አሥር ጊዜ ያህል ያዝ ለቀቅ አድርግ። ወደ አንድ ጎን ከጎተተህ ወይም መሪው መሃል ላይ ሲደርስ ቀጭ ካለ ኮምቦልቻን ለሌላ ቀን አድርገውና የመሪውን ኩሽኔታ አስፈታው።