«ምናልባት» ውስጥ የቀረችው ጥያቄ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች የተማከሩ ይመስላሉ። ሁሉም «ሊሆን ይችላል» በሚባል አንድ ሰፈር ነው የሚዞሩት።

ጥያቄ፦ «ምናልባት» ከየት መጣ? «ምን አልባት» ተብሎስ ይጻፋል?

ቃሉን ቀስ ብለው ይበሉት፦ ምን፣ አለ፣ ባት። «ምን አለባት?» ነው፤ «ነገሪቱ ምን አለባት?» እንደማለት። አፍ ሲፈጥን «አለ» ወደ «አል» አጠረና ሦስቱ ተጣበቁ። ጎረቤቱን «ምናለበት»ንም ይዩት፤ አጥንታቸው አንድ ነው። አንዱ በወንድ «በት» አለ፣ ሌላው በሴት «ባት»። ኑሯቸው ግን ተለያየ። «ምናለበት» ዛሬም ይጠይቃል፦ «ብትመጣ ምናለበት?» እንላለን። «ምናልባት» ግን ጥያቄነቱን ረስቶ ጥርጣሬ ብቻ ሆኗል። ስለዚህ አንድ ላይ ይጻፉት። ተለያይቶ ሳየው እኔማ መልስ ልስጥ ይቃጣኛል።

ስም ሆኖም ይሠራል። «ለምናልባቱ ጃንጥላ ያዝ» የምትል እናት ሁሌም ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ነው የምትናገረው፤ ሁሌም ይዘንባል።

ጥያቄ፦ በግዕዝስ?

«ዮጊ»። «እንዳይሆን» ለሚል ስጋትም ይኸው ቃል ያገለግላል። አማርኛ አልወረሰውም።

ጥያቄ (ሜሪላንድ ከሚኖሩ እናት)፦ ልጄን «አባባ ዛሬ ሳይመጣ አይቀርም» ብለው አለቀሰ። ምን አጠፋሁ?

ምንም። ልጁ «ሳይ» እና «አይ» ሲሰማ «አይመጣም» መስሎታል። ሁለት አሉታ ሲገጥሙ ይጠፋፋሉ፦ ሳይመጣ የሚቀር አይደለም፣ ማለትም የመምጣቱ ነገር ያመዝናል። «ምናልባት ይመጣ ይሆናል» ቢሉት ግማሽ በግማሽ ነው። «ሳይመጣ አይቀርም» ግን ራት ይሞቅ ያሰኛል። እስኪለምደው ድረስ «ይመጣል መሰለኝ» ይበሉት።

ጥያቄ፦ «መሥራት ቻልኩ» እና «ችዬ ኖርኩ» አንድ ቃል ናቸው?

አንድ ናቸው። ግዕዙ «ክህለ» ይላል፣ ትግርኛው «ከኣለ»። አማርኛ «ከ»ን ወደ «ቸ» አዞረ፣ የጉሮሮዋን ድምፅ ዋጣት፣ «ቻለ» ሆነ። የሚገርመው፣ በጓዳ በር የወጣው ግዕዝ በትምህርት ቤት በር «ክህሎት» ሆኖ ተመለሰ። «ችሎታና ክህሎት ያለው» የሚለው የሥራ ማስታወቂያ እንግዲህ አንዱን ሥር ሁለት ጊዜ ነው የሚጠራው። ዳኛ የሚሰየምበት «ችሎት»ም ከዚሁ ቤት ነው፤ ሥልጣንም አቅም ነውና።

አቅም ያለው ይሠራል፤ አቅም ያለው ሸክምም ይሸከማል። ሁለቱ ትርጉሞች እዚህ ጋ ነው የሚገናኙት። ኃይሌ ገብረሥላሴ «ይቻላል» ሲል የመጀመሪያውን ነው። አክስቴ ሙሽራን «ቻል አድርጊያት» ስትል ግን ስለ አማቷ ነው።