ሁለተኛ ልጅ ሲመጣ ቤት እንቀይር ወይስ እንቻለው?

እህቴ፣ «ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ነው የምንኖረው፤ ሁለተኛ ልጃችን ሊወለድ ነው፤ ከከተማ ወጣ ብለን ሰፋ ያለ ቤት እንያዝ?» ብለሽ የጠየቅሽው የእኔም ጥያቄ ነበር።

እኛን ቤቱ የጠበበን ልጁ ስለተወለደ አልነበረም። ሕፃን እናቱ ጎን ይተኛል። የጠበበን እናቴ ልታርሰኝ ከጎጃም ስትመጣ ነው። እሷ ከትልቋ ልጄ ጋር ሳሎን ፍራሽ ላይ፣ ባለቤቴ ሶፋ ላይ፣ ሠራተኛችን ኩሽና ውስጥ። አራስ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ፍራሽ እናነሳለን። እስከ ክርስትናው ልትቆይ የመጣች እናቴ በሃያኛው ቀን «ልጄ፣ አላጣብባችሁ» ብላ ተነሳች። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ባለ ሁለት መኝታ ስንፈልግ ደላላው መጀመሪያ የሚጠይቀን «ስንት ናችሁ? ልጅ አለ?» ብሎ ነው። ቁጥራችንን ስንነግረው ቤቱ ተይዟል ይባላል። የራሳችንን እንዳንጠብቅ፣ በ2005 ዓ.ም ለ20/80 የመንግሥት ኮንዶሚኒየም (20 በመቶውን ቆጥበን ቀሪውን በባንክ ብድር የምንከፍለው) ስመዘገብ ላጤ ነበርኩ። ለባለ ሁለት መኝታ በወር 561 ብር፣ ለባለ አንድ 274 ብር ነበር የሚቆጠበው። የቻልኩትን መረጥኩ። ዛሬ ዕጣው ቢወጣልኝ እንኳ ያው አንድ መኝታ ነው። ብዙ የዕድሜ እኩዮቼ እንደዚሁ ናቸው።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ዳር፣ ኮዬ ፈጬ ባለ ሁለት መኝታ አገኘን። ልጆቹ የራሳቸው ክፍል ኖራቸው፣ በጣም ደስ አለን። ግን ባለቤቴ ሥራው መሀል ከተማ፣ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ነው። ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣል፣ ማታ 2 ሰዓት አልፎ ይገባል። ሲወጣም ሲገባም ልጆቹ ተኝተዋል። ትልቋ አንድ ቀን «አባዬ እሁድ ብቻ ነው የሚመጣው?» አለችኝ።

ስለዚህ የእኔ ምክር፣ ሥራችሁና የልጅሽ ትምህርት ቤት አሁን ቅርብ ከሆኑ ቢያንስ አንድ ሁለት ዓመት እዚያው ቻሉት። ለመሄድ ከወሰናችሁ ግን ቀብድ ሳትከፍሉ በሥራ ቀን ጠዋት መንገዱን ሂዱበት። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይበልጥም። ውሉን አስመዝግቡ። ልጅ ይዞ በየስድስት ወሩ ዕቃ መጫን ከባድ ነው።

እዚያው ከቆያችሁ ደግሞ ሳሎኑን ዛሬውኑ አስተካክሉ። ትልቁን ሶፋ አውጥታችሁ አልጋ አስገቡበት፣ መጋረጃም ይኑረው። እናትሽ ስትመጣ የራሷ ቦታ ይጠብቃት።